ከቂርያት ጋት እስከ ራሞን በአራት አዲስ ጎማዎች

ይህን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ መካኒክ ሆኜ አይደለም። ሥራዬ በዕብራይስጥ «ዖቬዴት ሶፂያሊት» የሚሉት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነት ነው። ስለ ጎማ የማውቀውን ያህል ያወቅሁት በአንድ ክፉ ቀንና ከዚያ ቀን በኋላ ሰው እስኪሰለቸኝ ድረስ በጠየቅሁት ጥያቄ ብዛት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በነሐሴ ወር ለዘመድ ሠርግ ከቂርያት ጋት ወደ ቤር ሼቫ እንጓዝ ነበር። መሪውን የያዘው ባለቤቴ ነው፤ አባቴ ከፊት፣ እኔና ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ። ወደ ለሃቪም መገናኛ ስንቃረብ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማና መኪናው እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። የቀኝ የኋላ ጎማችን ፈንድቶ ነው። ባለቤቴ ደግነቱ ፍሬኑን አልረገጠም። መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ፣ እግሩን ከነዳጁ አንሥቶ፣ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እየቀነሰ «ሹል» ወደሚባለው የመንገዱ ዳር ወጣ። ፍሬን ቢረገጥ ኖሮ እንገለበጥ እንደነበር ኋላ ነው የተነገረን። ልጆቹን በብረቱ አጥር ማዶ አሻግረን ስንቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ ጎንደር ሳለን በጭነት መኪና ረዳትነት ስድስት ዓመት ሠርተዋል። የሊማሊሞን ቁልቁለት ታኮ በእጃቸው ይዘው የወረዱ ሰው ናቸው። የተቀደደውን ጎማ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱና፣

«ልጄ፣ ይኼ ጎማ አርጅቶ ነው የሞተ» አሉኝ።

«አባባ፣ ከገዛነው ገና ዓመት አልሞላውም» አልኋቸው።

«እናንተ ስትገዙትም ያረጀ ነበር» አሉ። እውነትም ጎኑ እንደ ደረቀ የጭቃ መሬት በቀጫጭን መስመር ተሰነጣጥቋል። ጥርሱ ግን ሙሉ ነው፤ እኛም ስንገዛው ያየነው ጥርሱን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ልንገራችሁ። በማናቸውም ጎማ ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል። ከእነርሱ ተከትሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። የእኛ ጎማ 3513 ይል ነበር፤ ይኸውም በ2013 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። እኛ «እንደ አዲስ ነው» ተብለን በ2021 መጨረሻ ስንገዛው ስምንት ዓመት አልፎታል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ቁጥር በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ከውጭ በኩል ካጣችሁት በውስጥ በኩል እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ጎማ የጎማ ዛፍ ወተት፣ ዘይትና ሌላም ሌላም ተደባልቆ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፤ ቆሞ እንኳ ያረጃል። ብዙ ባለሙያዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይታይ፣ ጥርሱ ደኅና ቢሆንም ከአሥር ዓመት አይለፍ ይላሉ። ከኋላ በር ላይ ተሰቅሎ የሚኖረው ትርፍ ጎማም ከዚሁ ሕግ አይወጣም።

ወደ ሸጠልን ሰው ተመልሰን ስንሄድ «ጥርሱን አይታችሁ ነው የገዛችሁት» ብሎ አሰናበተን። «ካባላ» አልተቀበልንም ነበር፤ በጥሬ ገንዘብ ከፍለን፣ አመስግነን ነበር የወጣን። በሥራዬ ለሰው ሁሉ «ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ» እያልሁ የምመክር ሰው ራሴ እንዲህ ሆንሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ መኪናችን ውስጥ መግባት ተዉ። ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ በአውቶቡስ፣ ለቅሶ ሲሄዱ በአውቶቡስ። አይቆጡም፣ አይወቅሱም፤ «በእግሬ ይሻለኛል» ብቻ ይላሉ። እኔን የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በፊት ሚጽፔ ራሞን የሚባል ቦታ ዋልያ በከተማው መንገድ ላይ እንደሚሄድ ጎረቤት ነግሯቸው «እስቲ አንድ ቀን አሳዩኝ» ብለውን ነበር። ወደ ሰማንያ የሚጠጋ ሰው አንድ ነገር ሲለምን «በሚቀጥለው ዓመት» ማለት ከባድ ነው።

ስለሆነም በ2023 የፋሲካ ዕረፍት ከመድረሱ በፊት አራቱንም ጎማ ለመቀየር ቆረጥን። መኪናችን አሮጌ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ናት። በአስፋልት ትውላለች፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሰዎች «ሼታሕ» በሚሉት፣ እኛ ፒስታ ወይም ኮረኮንች በምንለው መንገድ ትገባለች። የእናንተም መኪና ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ይመስለኛል። ሰፊ ቤተሰብ ያለው ሰው ከፍ ያለ መኪና ይወዳልና።

በመጀመሪያ «ምን ዓይነት ቁጥር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእጃችሁ ነው። «ሪሽዮን ሬኼቭ» በሚባለው የመኪናው ፈቃድ ላይ ለመኪናው የተፈቀደው የጎማ መጠን ተጽፏል። የእኛ 225/65 አር 17 ነው። 225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 ከመቶ መሆኑን ያሳያል። አር «ራዲያል» የሚለው የአሠራሩ ስም ሲሆን፣ 17 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። ቀጥሎ 102 ኤይች ይላል። 102 አንዱ ጎማ እስከ 850 ኪሎ ሊሸከም እንደሚችል፣ ኤይች እስከ 210 ኪሎሜትር በሰዓት ፍጥነት እንደሚችል ይነግረናል። በዚያ ፍጥነት ንዱ ማለት አይደለም! ዋናው ነገር ከተጻፈው ያነሰ የመሸከም ቁጥር ያለው ጎማ አለመግዛት ነው። አምስት ሰው፣ ድስትና ምንጣፍ፣ አሥር ሊትር ውኃ፣ ድንኳን ሲጫን ክብደቱ የዋዛ አይደለም። ከፈቃዱ የተለየ መጠን ያለው ጎማ ያሰረ ደግሞ በዓመታዊው «ቴስት» ላይ ችግር ይገጥመዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የጎማው ዓይነት ነው፤ እኔና ባለቤቴም የተጨቃጨቅነው በዚህ ላይ ነበር። እንዲህ ላለ መኪና በሱቅ የሚገኙት ባጭሩ ሦስት ዓይነት ናቸው። የአስፋልት ጎማ፣ ፊደሉ ኤይች ቲ፤ ጥርሱ ጠባብ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ጥሩ የሚይዝ ነው። ሁለቱን የሚያጣምረው ኤይ ቲ ነው፤ ጥርሱ ሰፋ፣ ጎኑም ብዙውን ጊዜ ጠንከር ያለ፣ ኮረኮንች የሚችል። ሦስተኛው ኤም ቲ የሚባለው የጭቃ ጎማ ነው፤ ጥርሱ እንደ አጥር እንጨት ተራርቆ የቆመ።

ባለቤቴ ሦስተኛውን ፈለገ። ለምን ብለው «ጂፕ ይመስላል» አለኝ። የፓንቸሪያው ሰው፣ ማለትም እኛ ጎሚስታ የምንለው፣ ትልልቆቹን ጎማዎች እያገላበጠ ሲያሳየው ዓይኑ በራ። እኔም «በወር ስንት ቀን ጭቃ ውስጥ ትገባለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። እውነቱ ይህ ነው። የጭቃ ጎማ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ከሁሉም በላይ በእርጥብ አስፋልት ላይ መኪናውን ለማቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። እዚህ አገር ደግሞ ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አቧራውና የመኪና ዘይቱ ተደባልቆ መንገዱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ዓመቱን ሙሉ ቂርያት ጋትና አሽዶድ መካከል የሚመላለስ ሰው በዓመት ለሁለት ቀን ጉዞ ብሎ ያንን አደጋ መሸከም የለበትም።

ታዲያ ከሁለቱ የቱ? መኪናችሁ ከአስፋልት የምትወጣው ለሽርሽር ጫካ ዳር ለማቆም ብቻ ከሆነ የአስፋልቱ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እኛ ግን ኔጌቭ መግባት እንፈልጋለን። በኔጌቭ መሬት ላይ ባልጩት የሚባለው ድንጋይ ብዙ ነው፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለት አለው። አያቶቻችን እሳት ያወጡበት የነበረው ማለት ነው። ይህ ድንጋይ የሚቆርጠው የጎማውን ጎን ነው። የጎማ ጥርስ ላይ ሚስማር ቢገባ ይደፈናል፤ ጎኑ ከተቀደደ ግን መደፈኛ የለውም፣ ይጣላል። ስለዚህ ከኤይ ቲ ዓይነቱ ወደ አስፋልቱ የሚያዘነብለውን፣ ጥርሱ እጅግ ያልተራራቀውን መረጥን። በአስፋልት ላይ ከድሮው ትንሽ ይሰማል፤ ሬዲዮ ሲከፈት አይታወቅም።

ሁለት ብቻ እንቀይር የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። በአራቱም እግሯ ለምትነዳ መኪና ግን ይህ ጥሩ አይደለም። አዲስና ያለቀ ጎማ ሲቀላቀል አንዱ ከሌላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ኃይል የሚያከፋፍለውን ማርሽ ያደክመዋል፤ የእርሱ ጥገና ደግሞ ከአራት ጎማ ይበልጣል። በፊት እግሯ ብቻ የምትነዳ መኪና ኖሯችሁ ለሁለት ብቻ አቅም ካላችሁ፣ አዲሶቹን ከኋላ አድርጉ። ሰው ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ያደርጋል። ዳሩ ግን መኪና ከኋላ ሲንሸራተት መመለስ ይከብዳል።

እኛ ለአራቱ 2,400 ሸቄል በስድስት «ታሽሉሚም» ከፈልን። ዋጋ ስትጠይቁ «ማዓም» የሚባለው ግብር፣ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 ከመቶ የሆነው፣ በውስጡ መኖሩን ጠይቁ። መግጠሙና «ኢዙን» የሚሉት ሚዛኑም ይጨመር እንደሆነ ጠይቁ። «ኪቩን ፍሮንት» የሚሉት የፊት እግር ማስተካከል ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈላል፤ ካልተስተካከለ ግን አዲሱ ጎማ በአንድ ወገን ይበላል። በሥራዬ ምክንያት የማያቸው ብዙ አዲስ መጤ ቤተሰቦች ያላቸውን ገንዘብ በሙሉ አሮጌ መኪናው ላይ ያፈሱትና ለጎማ ምንም አይተርፋቸውም። መኪናውን ስታዩ ወዲያው የአምስቱንም ጎማ አራት ቁጥር አንብቡ። ካረጁ የአራት ጎማ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ እንዲቀነስላችሁ ተደራደሩ። ይህ ነውር አይደለም፤ እዚህ አገር ሁሉም ይከራከራል።

ጎማዎቹ ሲገጠሙ አባቴን ይዣቸው ሄጄ ነበር። አምስቱንም በእንጨት እየመቱ ድምፁን ሰሙ፤ የትርፉንም ጭምር ማለት ነው። የፓንቸሪያው ሠራተኛ ሳቀ። አባባም በአማርኛ «አንተ በመሣሪያ፣ እኔ በጆሮ» አሉት። እኔ በዕብራይስጥ ስነግረው መለኪያውን አምጥቶ አብረው ለኩ። ከዚያ በኋላ «ራሞን የሚሉት ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

በፋሲካ ሳምንት በማለዳ ተነሣን። ከመነሣታችን በፊት፣ ጎማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ንፋሱን ለካን። ስንት መሞላት እንዳለበት በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ በእኛ መኪና 32 ይላል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው መጨረሻ እንጂ የምንሞላው አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ያደባልቃል። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ የነሐሴ ሙቀት ሲጨመርበት ነው እንደ እኛው የሚፈነዳው።

መንገድ ቁጥር 40 በቂርያት ጋት አጠገብ አልፎ በቤር ሼቫ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። እስከ ሚጽፔ ራሞን ወደ 130 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ለሃቪም አካባቢ ስናልፍ መኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። አባቴ የበሩን እጀታ ይዘው ነበር። ከቤር ሼቫ በኋላ አረንጓዴው እያነሰ፣ ኮረብታው እየገረጣ ይሄዳል። ስዴ ቦቄር ላይ ወርደን በ1973 ያረፉት የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዳዊት ቤን ጉሪዮንና ባለቤታቸው የተቀበሩበትን ቦታ አየን። ከመቃብሩ ፊት ለፊት የጺን ሸለቆ ይታያል፤ አባባ «የእኛን አገር ገደል ይመስላል፣ ዛፉን ነቅለውበት ነው እንጂ» አሉ።

ሚጽፔ ራሞን በ1951 ወደ ኤላት የሚወስደውን መንገድ ለሚሠሩ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ ጫፍ ላይ መሬት ድንገት ያልቃል። ከሥር ያለው ጉድጓድ «ማኽቴሽ ራሞን» ይባላል፤ ማኽቴሽ ሙቀጫ ማለት ነው። ርዝመቱ 40 ኪሎሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ወደ 500 ሜትር ነው። እሳተ ገሞራ ወይም ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረው የሚመስላቸው አሉ፤ ውኃ ነው የቆፈረው። ከላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ሲሰነጠቅ ከሥሩ ያለውን ልል የአሸዋ ድንጋይ ጎርፍ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ጠርጎ በአንድ በር አወጣው።

ዋልያውን ለመፈለግ ሩቅ አልሄድንም። በጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ፣ ከቆሙ መኪናዎች መካከል፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ወንድ ከነሴቶቹ ሣር ይግጥ ነበር። በዕብራይስጥ «ያዔል» ይሉታል። የዝርያው ስም የኑቢያ ዋልያ ነው። በዓለም ላይ በስሜን ተራራ ብቻ የሚገኘው የእኛው ዋልያ የቅርብ ዘመዱ ነው። አባቴ ዝም ብለው ቆመው አዩት። በመጨረሻ «ስሜን ላይ በሩቅ እንደ ጥላ ነበር የማየው፤ እዚህ እንደ ፍየል ቀረበኝ» አሉና፣ ትንሿ ልጄ ምግብ ልትሰጠው ስትል ከለከሏት። ልክ ናቸው፤ ማብላት ክልክል ነው።

ከከተማዋ ወደ ማኽቴሹ የሚወርደው ጠመዝማዛ ዳገት «ማዓሌ ሀዓጽማኡት» ይባላል። ባለቤቴ በዝቅተኛ ማርሽ እንዲወርድ አባባ ከአጠገቡ ሆነው «በፍሬን አትውረድ፣ በሞተር ያዝ» እያሉ አዘዙት። ሊማሊሞን በጭነት መኪና ለወረደ ሰው ይህ ልጅ መጫወቻ ነው አሉ፤ እጃቸው ግን ከእጀታው አልወጣም።

ታች ስንደርስ ከዋናው መንገድ ወጥተን ቤኤሮት ወደሚባለው የድንኳን ሰፈር የሚወስደውን ፒስታ ያዝን። ጠጠሩ ሲጀምር ቆመን የአራቱንም ጎማ ንፋስ ከ32 ወደ 26 ቀነስን። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይለሰልሳል፣ ድንጋዩን ከመምታት ይልቅ ይጠቀልለዋል፣ ተሳፋሪውም አይንገጫገጭም። እንዲህ ሲደረግ ግን ቀስ ብሎ መንዳት ግድ ነው፤ ወደ አስፋልት ሲመለሱም ከመፍጠን በፊት መሙላት። ለዚህ ከመኪናው ሶኬት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር ይዘን ነበር። ሌላ የያዝነው ክሪክ፣ የቡሎን መፍቻ፣ «አፎድ ዞሄር» የሚሉት የሚያበራ ሰደርያ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያና ብዙ ውኃ ነው። በመንገድ ላይ ችግር ከገጠማችሁ «ዬዲዲም» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር በ1230 ሲደወል ጎማ ለመቀየር ሰው በነፃ ይልካል፤ አደጋ ከሆነ ግን ፖሊስ 100፣ አምቡላንስ 101።

በክረምት ከሆነ የመጣችሁት የአየሩን ትንበያ ሳትሰሙ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትግቡ፤ እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ሩቅ የዘነበ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ከተመለከተው መንገድም አትውጡ። ኔጌቭ ውስጥ ሰፊው መሬት የጦር ሠራዊት መተኮሻ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገባም።

ፒስታው ላይ አንድ ቦታ ባለቤቴ ቁልቁል ላይ አቆመና ሁላችን ለፎቶግራፍ ወረድን። ዘወር ስል አባባ ድንጋይ አንሥተው ከኋላው ጎማ ሥር ታኮ ሲያደርጉ አየሁ። የእጅ ፍሬኑ ተይዟል ብንላቸውም «ይያዝ፤ ይኼም ይኑር» አሉ። ልጄም ሌላ ድንጋይ አምጥታ በሌላው ጎማ ሥር አደረገች፤ ስንሄድ ሁለቱንም ማንሣት ረስተን መኪናው አልንቀሳቀስም አለ፤ ሳቅን።

ማምሻውን ሻይ አፍልተን ጠጣንና ንፋሱን ወደ 32 መለስን። መለኪያውን የያዙት አባባ ነበሩ፤ ቁጥሩን እያንዳንዱ ጎማ ላይ ጮክ ብለው ያነቡልን ነበር። ሲመሽ ዳገቱን ወጣን። ከስዴ ቦቄር በኋላ የእጀታው ድምፅ ስለጠፋብኝ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው፣ እስከ ቂርያት ጋት ድረስ ተኝተው ነበር።